የልጅ ልጅ አደራ፦ እናቱ አረብ አገር የሄደችበትን ሕጻን ስናሳድግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በእኛ በወሎ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ባቲ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ልጇ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት የሄደችባትና የልጅ ልጇን ታቅፋ የምትቀመጥ አያት ከመካከላችን አትጠፋም። እኔም ከእነዚህ አያቶች አንዷ ነኝ። ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ ወደ ጅዳ ስትሄድ የ11 ወር ልጇን ተረከብሁ፤ ዛሬ አራት ዓመት አልፎታል። አራት ልጆች ወልጄ ያሳደግሁ ሴት ስለሆንሁ ይህኛው የሚከብደኝ አልመሰለኝም ነበር። የራስን ልጅ ማሳደግና የልጅን ልጅ መያዝ አንድ አለመሆናቸውን የተረዳሁት ስህተት ከሠራሁ በኋላ ነው። የልጅ ልጅ አደራ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ የተሰጠውን እንደ ራሱ ይጠብቃል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አንዳንዶቹ ይህን ከመዘንጋት፣ ሌሎቹ ደግሞ «እኔ ስንቱን አሳድጌያለሁ» ከሚል እምነት የሚመጡ ናቸው።

የእናትነቱን ቦታ መውሰድ

ሕጻን አፉን ሲፈታ የሚጠራው የሰማውን ነው። ልጄ በስልክ «እማዬ» ስትለኝ የሚሰማው የልጅ ልጄ እኔን «እማዬ» ማለት ጀመረ፤ እናቱን ደግሞ እኔ በስሟ ስጠራት እየሰማ እሱም በስሟ ይጠራት ጀመር። በዚህ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም። ጎረቤቶቼም «ከእንግዲህ እናቱ አንቺ ነሽ» ሲሉኝ አላረምኋቸውም። አንድ ዓርብ ማታ ልጄ በኢሞ ደውላ ልጇ በስሟ ሲጠራት ምንም አልመለሰችም፤ ስልኩን ወደ ላይ አዞረችውና ለረጅም ጊዜ ይታየኝ የነበረው የምትሠራበት ቤት ነጭ ጣሪያና አንድ መብራት ብቻ ነበር። ከዚያች ማታ ጀምሮ በልጁ ፊት ልጄን በስሟ መጥራት ተውሁ። «እናትህ ደወለች»፣ «ይህን ሹራብ የላከችልህ እናትህ ናት» እያልሁ፣ እኔን ደግሞ «እማማ» እንዲለኝ እያስለመድሁ፣ ስሞቹ ወደየቦታቸው ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ወሰደባቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት እናቱ የት እንዳለች መዋሸት ነው። «ሱቅ ሄዳለች»፣ «ነገ ትመጣለች» የሚባል ሕጻን ለጊዜው ዝም ይላል፤ ነገር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል፣ ባልመጣች ቁጥርም የሚያጣው እናቱን ብቻ ሳይሆን የእኛን ቃል ጭምር ነው። እውነቱን በሚገባው ልክ መንገር ይቻላል። ሁለት ዓመት ማለት ለሦስት ዓመት ልጅ ትርጉም ባይኖረውም፣ መስቀልና ዒድ ግን ያውቃል፤ ደመራውን አይቷል፣ ከጎረቤታችን ቤት የዒድ ምግብ በልቷል። ስለዚህ «አንድ መስቀልና አንድ ዒድ ካለፈ በኋላ ትመጣለች» እለው ነበር። የጅዳ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ መሆኑም ረድቶኛል። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትጠልቅ «እናትህም ዘንድ አሁን እየመሸ ነው» ስለው፣ የማታ እራቱን ከእሷ ጋር የሚበላ ያህል ይረጋጋ ነበር።

በእናቱ ማስፈራራት

«ካልበላህ እናትህ አትመጣም» የሚለው ቃል ከአፋችን በቀላሉ ይወጣል። ልጁ ግን ቃሉን እንዳለ ስለሚወስደው፣ እናቱ የሄደችው እሱ ባጠፋው ጥፋት እንደሆነ ወደ ማመን ይደርሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የቤት እንግዳ «ጥላህ ሄደች አይደል?» እያለ ሲያጫውተው ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ይህን የሚል ሰው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም እዚያው በልጁ ፊት «አልጣለችውም፣ ለእሱ ስትል ሥራ ላይ ናት» ብሎ መመለስ የአደራ ተቀባይዋ ግዴታ ነው። በመርፌ ማስፈራራትንም መተው አለብን፤ ጤና ጣቢያ ስንወስደው በር ላይ የሚንፈራፈረው እኛው ቤት ውስጥ ያስተማርነውን ፍርሃት ይዞ ነው።

ስለ ገንዘብ በልጅ ፊት መነጋገርም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ልጁ ወለል ላይ ሲጫወት የማይሰማ ይመስለናል። የአንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጅ ስልኩን በተቀበለች ቁጥር ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ምን ላክሽልኝ?» ትል ነበር፤ አያትዋ ሁልጊዜ ስልክ የምታነሣው ስለ ሐዋላ ለመነጋገር ስለነበረ፣ ሕጻኗ ከእናት ጋር የሚወራው ይህ ብቻ መስሏት ነው።

ያለፈው ዘመን ክትባት የዛሬውን ያህላል ብሎ ማሰብ

ይህ የራሴ ስህተት ነው። እኔ ልጆቼን ሳሳድግ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያበቃ ስለነበር፣ ልጄ ከመሄዷ በፊት የ9ኛውን ወር አስከትባው ካርዱን ስትሰጠኝ «አልቋል» ብዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአገራችን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር ይሰጣል። ይህን የነገረችኝ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ካርዱን አውጥቼ ሳሳያት ልጁ 19 ወር ሞልቶት ነበር። ዘግይቶም ቢሆን ተከተበ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡትን እናቶች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ያስፈጽማሉ፤ እናት ከሄደች በኋላ የሚወድቀው የ15ኛው ወር ቀጠሮ፣ ከ6 ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እና ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው የሆድ ትል መድኃኒት ግን በአያት እጅ ላይ ነው። ካርዱን ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ በላስቲክ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

ሕመምን ለጥርስ፣ ለግግና ለእንጥል መስጠት

ሕጻን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ማለት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ጥርስ የሚያወጣበት ጊዜና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት ጊዜ አንድ በመሆኑ ሁለቱ የተያያዙ ይመስላሉ፤ የሚያስቀምጠው ግን በእጁና በዕቃው የሚገባው ቆሻሻ ነው። ከዚህ ስህተት ተነሥቶ ድዱን የሚያስፈለቅቅ፣ ግግ የሚያስወጣ፣ ጉሮሮው ሲያብጥ እንጥሉን የሚያስቆርጥ አለ። ባልታጠበ ምላጭ የሚደረግ ነገር ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል፣ ሌላ በሽታም ያስተላልፋል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስቀጣል። እኛን ያሳደጉን እናቶች ይህን ያደረጉት ሌላ ስላልነበራቸው ነው፤ እኛ ግን ጤና ኬላ በአቅራቢያችን እያለ በምን ምክንያት እንደግመዋለን?

ለተቅማጥ የሚሰጠው መፍትሔ ቀላል ነው። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት፣ የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ መድፋት፣ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን መጨረስ ነው። ምግብ መከልከል ደግሞ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ የታመመ ሕጻን በጥቂት በጥቂቱ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ምንም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካደነዘዘው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ መሄድ ጊዜ ያጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚኬደው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ቀጭን አጥሚት ይበቃዋል ማለት

እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውሃም ሆነ ስኳር በውሃ መስጠት አይገባም። እናት ከዚያ በፊት ከሄደች፣ በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ከመጀመር በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር የግድ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚታየው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ ሆዱ እንዳይከብደው በማሰብ አጥሚቱን እናቀጥነዋለን። የሕጻን ሆድ ትንሽ በመሆኑ ቀጭን ነገር ሞልቶት ሳይጠግብ ይቀራል። ገንፎው ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ ያህል መወፈር አለበት። እኔ ገብስና ጤፍን ከሽምብራ ጋር አስፈጭቼ፣ ሲበስል ዘይት ጠብ አድርጌ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዱባ ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። ጾም ሲገባ ድስቱ እንዳይነካካ ብለን ከሕጻን እንቁላልና ወተት የምናስቀር አያቶች አለን፤ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ መመደብ ይህን ችግር ይፈታል፤ ጾሙ የእኛ እንጂ የእሱ አይደለም። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ ቆሎና ለውዝ ደግሞ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል አምስት ዓመት እስኪሞላው አይሰጠው።

እሳትና ከሰል

ቡናው ከአቦል ተነሥቶ ቶናን አልፎ በረካ እስኪደርስ ፍሙ እንዳለ ነው፤ ጀበናውም በልጅ እጅ ቁመት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ረከቦቱን ጥግ ማስያዝና ከሚጠጡት አንዷ ልጁን እንድትይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ከተቃጠለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ እንጂ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም። በደሴ የጥር ብርድ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ። ላምባና በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡ፤ ልጁ ጠርሙሱን የሚያውቀው በለስላሳነቱ ነው። ላምባ ከጠጣ ለማስመለስ አይሞከር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።

ወረቀትን ለነገ ማቆየት

ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል። እናት ከመሄዷ በፊት የልደት የምስክር ወረቀቱን ማውጣትና ለአያት ውክልና መስጠት አለባት፤ ከሄደችም በኋላ ባለችበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና መላክ ትችላለች። ትምህርት ቤት የሚመዘገብበት ቀን ደርሶ ወረቀት የምትፈልግ አያት በየቢሮው ስትመላለስ አይቻለሁ።

ድካምን ከልጅ መደበቅ

ልጆቻችን በሰው አገር እንዳይጨነቁ ብለን ደም ግፊታችንንም፣ የጉልበታችንን ሕመምም፣ የዓይናችንን መድከምም እንሸሽጋለን። ፍቅር ነው፤ ሆኖም አደራው ላይ አደጋ ይጥላል። አያት በድንገት ብትታመም ልጁን ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ያም ሰው ልጁን ከአሁኑ የሚያውቀው፣ ልጁም ቤቱ አድሮ የሚያውቅ መሆን አለበት። እኔ ይህን ለልጄ የነገርኋት አንድ ሌሊት አዙሮኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ብነግራት ኖሮ ለታናሽ ወንድሟ አስቀድማ ትደውልለት ነበር።

እናቲቱ ስትመለስ ማረም

ልጄ ለሁለት ወር ዕረፍት የመጣችው ልጇ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላው ነው። በስልክ በደንብ ያውቃታል ብዬ ነበር፤ በር ላይ ሲያያት ግን ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀ። «ሂድ፣ ሳማት» ብሎ መግፋትም፣ «ረሳሽ» ብሎ መሳቅም ስህተት ነው። ከዚህ ሁሉ ግን እኔ ራሴን ያገኘሁት ሌላ ስህተት ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳፋ ላይ አስቀምጣ ልታጥበው ስትጀምር ከራሱ ጀመረች፤ ልጁ ጮኸ። «እንዲህ አይደለም፣ ራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታጠበው» አልኋት። እውነት ነበር፤ እሷ ግን ሳሙናውን እጄ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ዘንቢሌን ይዤ ገበያ ወረድሁ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም፤ ሽንኩርቱን እየነካካሁ፣ ዋጋ እየጠየቅሁ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ቆየሁ። ስመለስ ደጃፉ ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጭን ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ገና ውሃ ያንጠባጥባል፣ እሷም አጎንብሳ የእግሩን ጥፍር ትቆርጥለታለች።