ቪዲዮው በማይፈለገው ስክሪን ሲዘረጋባችሁ

ደሴ ፒያሳ፣ የሠርግ ቪዲዮ የምናቀናብርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ስክሪን አለን። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለደንበኛ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም) ነው። ሙሽሮቹ ሊያዩ ቁጭ ብለው፣ ቪዲዮውን ሙሉ ስክሪን ሳደርገው እኔው ፊት ይዘረጋል! እናንተንም ከገጠማችሁ አብሽሩ።

መጀመሪያ መስኮቱን ከሙሉ ስክሪን መልሱት። ከዚያ ሱፐርን (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) እና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ የቀኝ ወይም የግራ ቀስቱን ንኩ። መስኮቱ ወደ ጎረቤት ስክሪን ይዘላል። አሁን ሙሉ ስክሪን አድርጉት። ማጫወቻው ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው መስኮቱ ባለበት ስክሪን ላይ ነው።

ምስሉ እየተቆራረጠ ወይም መሃሉ ላይ እየተሰነጠቀ ካስቸገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ስክሪን 60፣ ሌላው 144 ኸርዝ ከሆነ (ምስሉን በሰከንድ የሚያድስበት ብዛት ማለት ነው)፣ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የድሮው ሲስተም፣ ኤክስ11፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሸራ ስለሚያያቸው ማጣጣም ይከብደዋል። አዲሱ ተተኪው ዌይላንድ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ያስተናግዳል። ከአካውንታችሁ ውጡና የይለፍ ቃል ስትጠየቁ ከታች ጥግ ያለችውን ማርሽ የምትመስል ምልክት ነክታችሁ ዌይላንድን ምረጡ። ካልሆነም ሁለቱንም ስክሪን 60 ላይ አድርጓቸው። እኔ ስንፍና ስላለብኝ መጀመሪያ የሞከርኩት ይሄንን ነበር፤ ሠርቶልኛል።