የስኳር ሕመምተኛን እግር ማጣራት፦ ሠራተኞችን እንዴት እናሠልጥን?

ስለ ነርቭ ጉዳት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ያየ ሰልጣኝ፣ ሞኖፊላመንቱን (የእግርን ስሜት መፈተሻ ቀጭን የናይሎን ክር) ሲይዝ ግራ ሲጋባ ይታያል። ለንድፈ ሐሳቡ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰልጣኙ መያዝ ያለበት ቁም ነገር አንድ ነው፦ የደነዘዘ እግር ቢቆስልም ላያም ስለሚችል፣ የታካሚው «ደህና ነኝ» ማለት ምርመራን አይተካም። የቀረው ጊዜ ለእጅ ሥራ ይዋል።

ለአንድ አሰልጣኝ ስድስት ሰልጣኝ ይበቃዋል። ለየሁለቱ ሰልጣኝ አንድ ባለ 10 ግራም (በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ) ሞኖፊላመንት፣ ጥሩ መብራትና የመመዝገቢያ ቅጽ ይዘጋጅ። እርስ በርስ መለማመዱ እጅን ያፍታታል እንጂ ማጣራትን አያስተምርም፤ ጤነኛ እግር ሁልጊዜ «ተሰማኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ እግራቸው የደነዘዘባቸው ታካሚዎች በፈቃዳቸው ቢገኙ ይመረጣል።

ምርመራው በዓይን ይጀምራል። የሁለቱም እግር ጫማና ካልሲ ይወልቃል። «የሚያስቸግረኝ ቀኙ ነው» ያለ ታካሚ ግራውን ሳያሳይ እንዳይሄድ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ መሃላቸውን ማየት፣ ተረከዙን አንስቶ ማየት፣ የጣት መጣመምንም መመዝገብ ያስፈልጋል። የደደረ ቆዳ ውስጥ ጠቆር ያለ ነጥብ ከታየ ከሥሩ ደም ቋጥሮ ወይም ቆስሎ ሊሆን ስለሚችል፣ «ድድር ነው» ተብሎ አይታለፍ። ጫማውንም መጀመሪያ ገልብጦ ማራገፍ፣ ከዚያ ውስጡን በጥንቃቄ መዳሰስ ነው፤ ጠጠርና ብቅ ያለ ሚስማር የሚገኘው እዚያ ነው።

ቀጥሎ በእጅ ጀርባ የሁለቱን እግር ሙቀት ማነጻጸር። ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ብቻ ሞቆ፣ አብጦና ቀልቶ ከተገኘ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የሻርኮት እግር (ነርቩ በተጎዳ እግር ላይ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚፈርስበት ሕመም) ተብሎ ይያዛል። ጀማሪዎች ይህንን ወለምታ ነው ብለው ይሸኙታል፤ ታካሚው እየረገጠበት አጥንቱ የሚሰባበረው በዚህ ጊዜ ነው። እግሩን እንዳይረግጥ ተነግሮት በዕለቱ ሪፈር ይጻፍለት።

የደም ስር ትርታ በሁለት ቦታ ይፈለጋል፦ በእግር ጀርባ፣ አውራ ጣትን ከሚያነሳው ጅማት ወደ ውጭ በኩል፤ እንዲሁም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በስተኋላ ዝቅ ብሎ። በእጅ አውራ ጣት መዳሰስ የራስን ትርታ እንደ ታካሚው ያስቆጥራል፤ አጥብቆ መጫን ደግሞ ያለውን ያጠፋል። በአንዳንድ ሰው የእግር ጀርባው ትርታ በተፈጥሮም ስለማይገኝ፣ ሁለተኛው ቦታ ሳይዳሰስ «የለም» አይጻፍ።

ሰልጣኝ ብዙ የሚሳሳተው በሞኖፊላመንቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ክሩን በታካሚው እጅ ላይ ነክቶ ማሳየት፣ ከዚያ ዓይኑን እንዲጨፍን መጠየቅ። ክሩ በቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እስኪጎብጥ ብቻ ይገፋል፣ ይነሳል፤ ጠቅላላው 2 ሰከንድ ያህል ነው። የሚነኩት ቦታዎች ሁሉም በውስጥ እግር በኩል ናቸው፦ የእግር አውራ ጣት ሆድ፣ እንዲሁም ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ያሉት ጉብታዎች። በድድር ወይም በቁስል ላይ አይነካም። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ እየነኩ፣ አንድ ጊዜ ሳይነኩ «ይሰማዎታል? የትኛው እግር ላይ?» ይባላል፤ ከሦስቱ መልስ ሁለቱ ከተሳሳቱ በዚያ ቦታ ስሜቱ ጠፍቷል። ጥያቄው ሲነካ ብቻ ከመጣ ወይም በእኩል ጊዜ ከተደጋገመ ታካሚው በግምት ይመልሳል። ክሩን በቆዳው ላይ ማንሸራተትም ውጤቱን ያበላሻል። አንድ ክር 10 ታካሚ ከነካ በኋላ 24 ሰዓት ይረፍ፤ ካላረፈ ይለሰልስና ከ10 ግራም በታች ይጫናል። የተጣመመ ክር ይጣል።

ሞኖፊላመንት ከሌለ በሁለቱም እግር አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ጣት ጫፋቸውን በጣት 1 እስከ 2 ሰከንድ በስሱ መንካት ይቻላል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማ ስሜቱ እንደጠፋ ይቆጠራል። መጫን ወይም መታ መታ ማድረግ አይፈቀድም።

የተገኘው ነገር ወደ ውሳኔ ካልተለወጠ ድካሙ ከንቱ ነው። ስሜቱም የደም ዝውውሩም ደህና ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። ከሁለቱ አንዱ ከተጓደለ ከ6 እስከ 12 ወር፤ ሁለቱም ከተጓደሉ ወይም በአንዱ ላይ የእግር ቅርጽ መበላሸት ከተጨመረ ከ3 እስከ 6 ወር። አንዱ ተጓድሎ ቀድሞ ቁስል፣ መቆረጥ ወይም የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ድክመት ካለ ከ1 እስከ 3 ወር ነው። ያልዳነ ቁስል ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ እግር ሕክምና ቡድን ይላካል፣ ጋንግሪን (የሥጋ መሞት) ወይም ትኩሳት ያለበት ደግሞ ወዲያውኑ።

ብቃት የሚመዘነው በጽሑፍ ፈተና አይደለም። አሰልጣኙና ሰልጣኙ ያንኑ ታካሚ ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ መርምረው ያነጻጽሩ፤ አሥር ያህል ታካሚ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሦስት ወር በኋላም መዝገቡ ይታይ፦ ሁሉም ታካሚ «ደህና» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሠራተኛው በእርግጥ ካልሲ እያስወለቀ መሆኑን ክፍሉ ድረስ ሄዶ ማየት ይሻላል።