ስፕሪንግ ቡት አልነሳ ሲል፦ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አፕሊኬሽኑ አልነሳ ብሎ ኮንሶሉ በኤረር ሲሞላ፣ ብዙዎቻችን ያገኘነው ክላስ ላይ ሁሉ አኖቴሽን (በ@ የሚጀምር ምልክት) መለጠፍ እንጀምራለን። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ኦብጀክት ማን ፈጠረው? እኔ ወይስ ስፕሪንግ የተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ? ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ማለት አንድ ክላስ የሚያስፈልገውን ኦብጀክት ራሱ ከመፍጠር ይልቅ ስፕሪንግ ፈጥሮ እንዲሰጠው ማድረግ ነው፤ ስፕሪንግ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት «ቢን» ይባላል። ስህተቶቹ እነዚህ ናቸው።

የኤረሩን የላይኛ መስመር ብቻ አንብቦ ወደ ኮዱ መሮጥ። የላይኛው መስመር «ኮንትሮለሩ (ከተጠቃሚው ጥያቄ የሚቀበለው ክላስ) አልተፈጠረም» ሊላችሁ ይችላል። ኮንትሮለሩ ግን ምንም አላጠፋም። እሱ ሰርቪሱን (ዋናውን ሥራ የሚሠራውን ክላስ) ይጠብቃል፣ ሰርቪሱ ሪፖዚቶሪውን (መረጃ የሚያመጣውን ክላስ)፣ ሪፖዚቶሪው ዳታቤዙን። የታችኛው ሲወድቅ የላዩ ሁሉ ተያይዞ ይወድቃል። ወደ ታች ውረዱና የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» አንብቡ። አንዳንዴ ነገሩ የዳታቤዝ ፓስወርድ ሆኖ ይገኛል።

ሰርቪስን በ«ኒው» መፍጠር። ይሄኛው ብዙ ሰዓት ይበላል። አፕሊኬሽኑ በሰላም ይነሳል። ተጠቃሚው «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ግን ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን ይመጣል። በእጃችን የፈጠርነውን ኦብጀክት ስፕሪንግ አያውቀውም፤ ስለዚህ ስፕሪንግ እንዲሞላው «አውቶዋየርድ» ያልነው ፊልድ ባዶ ይቀራል። ፊልዱን ትታችሁ በኮንስትራክተር ተቀበሉ። ያኔ ባዶ «ኒው» ኮምፓይል እንኳን አያደርግም፤ ስህተቱ ተጠቃሚው ጋ ሳይደርስ እናንተው ጋ ይያዛል። ከስፕሪንግ 4.3 ወዲህ ኮንስትራክተሩ አንድ ብቻ ከሆነ «አውቶዋየርድ» መጻፍም አያስፈልግም።

ክላሱን ስፕሪንግ በማያይበት ፓኬጅ ማስቀመጥ። ዋናው ክላስ «ኮም.ሱቅ.አፕ» ውስጥ፣ የክፍያ ሰርቪሱ «ኮም.ሱቅ.ክፍያ» ውስጥ ነው እንበል። አኖቴሽኑ ልክ ነው፣ ስሙም ልክ ነው፣ ግን «ቢኑ አልተገኘም» ይላችኋል። ስፕሪንግ ቡት የሚያስሰው ዋናው ክላስ ካለበት ፓኬጅ ወደ ታች ነው፤ ወደ ጎን አያይም። ዋናውን ክላስ ወደ «ኮም.ሱቅ» አውጡት፣ በቃ።

ለአንድ ኢንተርፌስ ሁለት ቢን አዘጋጅቶ ምርጫውን አለመናገር። አንዱ በቴሌብር፣ ሌላው በካርድ የሚያስከፍል ከሆነ ስፕሪንግ የቱን ይስጥ? የምትፈልጉትን በስሙ በሚጠራው «ኮዋሊፋየር» ለዩት፣ ወይም አንዱን «ፕራይመሪ» (ቀዳሚ ምርጫ) በሉት።

ሁለት ሰርቪሶች እርስ በርስ ሲጠባበቁ በሴቲንግ ማለፍ። ከስፕሪንግ ቡት 2.6 ጀምሮ ይህ በነባሪ የተከለከለ ነው። የሚፈቅድ ሴቲንግ አለ፤ እባካችሁ አትክፈቱት። ትእዛዝ ክፍያን፣ ክፍያ ትእዛዝን የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱም የሚጋሩት ሥራ አለ ማለት ነው። እሱን ወደ ሦስተኛ ክላስ አውጡት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ምንም ኤረር የማያሳየው ነው፦ የተጠቃሚን መረጃ ሰርቪሱ ፊልድ ላይ ማስቀመጥ። ስፕሪንግ ካልነገራችሁት በቀር ከእያንዳንዱ ቢን የሚፈጥረው አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ተጠቃሚ ያንኑ ይጋራል። «አሁን ያለው ደንበኛ» የሚል ፊልድ ካለ፣ ሁለት ሰዎች እኩል ሲገቡ የአንዱ ሂሳብ ለሌላው ሊታይ ይችላል። ላፕቶፓችሁ ላይ ብቻችሁን ስትሞክሩ አታዩትም። መረጃውን በሜተዱ ፓራሜትር አሳልፉ፤ ፊልዶቹንም «ፋይናል» አድርጓቸው።