አዲስ አኳሪየም፦ ዓሣ ከመግባቱ በፊት እርሾው እንዴት ይያዛል

የመጀመሪያ አኳሪየሜን የገዛሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ 60 ሊትር የሚይዝ። ሻጩ «ውሃ ሙላበትና ዓሣዎቹን ልቀቃቸው» አለኝ፤ እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። በአራተኛው ቀን አምስቱም ወርቃማ ዓሣዎች ከላይ ተንሳፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ርቧቸው መስሎኝ ምግብ ጨመርሁላቸው። ሳምንቱ ሳይሞላ አንድም አልተረፈልኝም። የገደላቸው የማይታይ ነገር ነበር፤ የጨመርሁት ምግብም ያንኑ ነገር አበዛባቸው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ነው።

ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በሐይቅና በወንዝ ይህን መርዝ የሚያነሡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሁለቱን ስሞች አያምታቱ፤ ናይትራይት የዓሣን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ ገዳይ ሲሆን፣ ናይትሬት ግን ስሙ «ሬት» በሚል ቢያልቅም በመጠኑ ሲሆን ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየር ይወገዳል።

ዋናው ቁም ነገር እነዚህ ባክቴሪያዎች፣ በርእሱ ላይ እርሾ ያልኋቸው፣ የት እንደሚኖሩ ነው። በብዛት የሚገኙት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው እንጂ በውሃው ውስጥ ተንሳፈው አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት የምናሳድገው ማጣሪያውን ነው። ውሃውን ብቻ ሞልቶ አንድ ወር ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም፤ ምግቡን፣ ማለትም አሞኒያን፣ ያላገኘ ባክቴሪያ አይበዛም።

አንደኛ፦ ገንዳውን ማሰናዳት

ጠጠሩን ያለ ሳሙና፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይጠቡት። ማጣሪያውን፣ ማሞቂያውንና የአየር ፓምፑን ይግጠሙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ የሚገባው ባክቴሪያን ለመግደል ነው። የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ካገኙ በእሱ ይጠቀሙ። ካላገኙ ውሃውን በሰፊ ባልዲ ቀድተው፣ የአየር ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ክሎሪኑ ይተንናል። በአንዳንድ አገሮች ግን ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ በማቆየት ብቻ ስለማይለቅ ጠብታው የግድ ነው።

የውሃውን ሙቀት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድርጉት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ከዚህ በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ ያለ ማሞቂያ ሥራው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ደጋ ላይ ሌላም ችግር አለ። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን ይወዳሉ። የአየር ፓምፑን ቀንም ሌሊትም አያጥፉት። መብራቱን ግን ያጥፉት፤ አሁን የሚጠቅመው ለአልጌ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ እርሾ መፈለግ

እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጎረቤት ወይም ወዳጅ ካለዎት፣ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ ጠጠር ይለምኑ። ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውሃ ውስጥ አድርገው ሳይዘገዩ ያምጡትና በራስዎ ማጣሪያ ውስጥ ይክተቱት። የቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይንካው። በዚህ መንገድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው ሥራ ወደ ሁለት ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ዓሣ ከታመመበት ገንዳ ግን አይቀበሉ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል።

ሦስተኛ፦ ባክቴሪያውን መመገብ

ንጹሕ አሞኒያ፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት ካገኙ ከሁሉም ይሻላል። ጠርሙሱን ነቅንቀው አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ሳሙና አለበት ማለት ነውና ይተዉት። በአሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ከሆነ፣ ለ60 ሊትር ውሃ 0.4 ግራም ያህል በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ይሰጣል። ከዚህ አያብዙት፤ ከመጠን ያለፈ አሞኒያ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ያዘገያቸዋል።

ይህ ካልተገኘ ወጥ ቤት አለ። ጨውና ሎሚ ያልነካው የጥሬ ዓሣ ቁራጭ፣ የአውራ ጣት ያህል፣ በንጹሕ የናይሎን ካልሲ ቋጥረው ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉ። ሽታ አለው፣ መጠኑንም መቆጣጠር ይከብዳል፤ ቢሆንም ይሠራል።

አራተኛ፦ መለካትና መታገሥ

ያለ መመርመሪያ ኪት ይህ ሥራ በጨለማ መዳበስ ነው። ወረቀቱን ሳይሆን የጠብታውን ዓይነት ይግዙ። በእኔ ኪት 5 ሚሊሊትር ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ቀድቼ የአሞኒያውን ጠብታዎች ስጨምር፣ ንጹሕ ውሃ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ አሞኒያ ካለ አረንጓዴ ይሆናል። ብልቃጧን ከነጭ ወረቀት ፊት፣ በቀን ብርሃን ይዩአት፤ በአምፖል ብርሃን ቢጫው አረንጓዴ ይመስላል። በየሁለት ቀኑ እየለኩ በደብተር ይመዝግቡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው ወተት የነካው መስሎ ቢደፈርስ አይደንግጡ፤ በራሱ ይጠራል። ከዚያ አንድ ቀን አሞኒያው መቀነስ፣ ናይትራይቱ መውጣት ይጀምራል። አሞኒያው ባለቀ ቁጥር መልሰው ወደ 2 ሚሊግራም ያድርሱት፤ ናይትራይቱ ከመለኪያው በላይ ከወጣ ግን የአሞኒያውን መጠን በግማሽ ይቀንሱ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ናይትራይቱ ለሳምንታት አልወርድ ይላል። ለረጅም ጊዜ ናይትራይቱን የሚያነሣው ናይትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በአኳሪየሞች ላይ የታተመ ጥናት ግን ሥራው ናይትሮስፒራ የተባለ የሌላ ባክቴሪያ መሆኑን አመለከተ። ናይትሮስፒራ በዝግታ የሚራባ ፍጥረት ነው። ይጠብቁት።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ከቆመ የውሃውን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ኮምጥጧል ማለት ነው) ይለኩ። ባክቴሪያዎቹ በሥራቸው ውሃውን ያኮመጥጣሉ፤ ፒኤቹ ወደ 6 ሲወርድ ሥራቸው ይቆማል። ሲሶውን ውሃ ይቀይሩ፣ ለ60 ሊትርም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አያስገቡ።

የኤሌክትሪክ መቋረጥም አለ። በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ውሃው ሲቆም ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል። መብራቱ ለሰዓታት ከጠፋ ስፖንጁን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ይንከሩት። ሲመለስም በማጣሪያው ውስጥ የቆየውን ውሃ ደፍተው ነው የሚያስነሡት።

አምስተኛ፦ ዓሣዎቹ ሲገቡ

በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ማጣሪያው ደርሷል። እርግጠኛ ለመሆን በማግሥቱ ይድገሙት። ከዚያ የተከማቸውን ናይትሬት ለማውጣት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ውሃ ክሎሪን በሌለው ውሃ ይቀይሩ፤ ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ይውረድ፣ ቢቻል ከ20። ሙቀቱንም ለሚገዙት ዓሣ በሚስማማው ልክ ያስተካክሉት።

ዓሣውን በቀናት ውስጥ ያስገቡ፤ ከዘገዩ ባክቴሪያዎቹን መመገብ አያቋርጡ። በዓሣ ቁራጭ ያዘጋጁ ሰዎች የአሞኒያውን መጠን በትክክል ስለማያውቁ በሁለትና በሦስት ዓሣ ጀምረው፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እየለኩ ይጨምሩ። ስፖንጁ በቆሻሻ ሲደፈን ከራሱ ከገንዳው ውሃ በባልዲ ቀድተው በእሱ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ቡናማነቱ ሙሉ በሙሉ እንዲለቅ አይፈትጉት፤ ስንት ሳምንት የጠበቁት እርሾ ያለው እዚያ ላይ ነው።