የሥራዎን ዙሪያ ገባ እንዴት ማየት ይቻላል?

የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነዎት እንበል። በየሳምንቱ አርብ የዕቃ ሪፖርት ያስገባሉ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰንጠረዡም ያምራል። ግዢ ክፍል ግን ምን እንደሚገዛ የሚወስነው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ስለዚህ ሁሌም የሚያየው ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ነው። ሰንጠረዡ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢያፈጡ ይህ ችግር አይታይዎትም። ከሥራው ትንሽ ራቅ ማለት ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ይህን የአለቆች ሥራ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሥራውን በእጁ ለሚሠራው ሰው ነው ባይ ነኝ። ዝርዝሩን የሚያውቀው እሱ ነዋ!

1. ሥራዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የሥራ መደብዎን ሳይሆን የሚሠሩትን። "የዕቃ ሪፖርት አዘጋጃለሁ" ይበቃል።

2. "ይህ ለምን ያስፈልጋል?" ብለው ይጠይቁ። ግዢ ክፍል ምን እንዳለቀ እንዲያውቅ። እሱስ ለምን? ወርክሾፑ ዕቃ አጥቶ እንዳይቆም። እሱስ? ደንበኛው በቀጠሮው ቀን ዕቃውን እንዲረከብ። እዚህ ላይ ይቁሙ፤ ከዚህ ካለፉ መልሱ "እንጀራ ነው" ይሆንና ምንም አይረዳዎትም። የካይዘን (ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ሥልጠና የወሰደ ሰው ከቶዮታ የመጣውን "አምስቱ ለምን"፣ ማለትም "ለምን?" እያሉ ደጋግሞ መጠየቅን፣ ያስታውስ ይሆናል። እዚያ የሚጠየቀው "ለምን ተበላሸ?" ነው። እዚህ የምንፈልገው የብልሽቱን መነሻ ሳይሆን የሥራውን መድረሻ ነው።

3. ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉ፤ ከዚያ ይቀንሱ። ከባዱ ይሄ ነው። ምክንያቱም የለፋንበትን ዝርዝር መጣል አንወድም። ሃሪ ቤክ የተባለ የለንደን ንድፍ ሠራተኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ያደረገውን እንይ። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ በትክክለኛው ርቀት ስለሚሳል መሀል ከተማው ላይ ይጨናነቅ ነበር። ቤክ ግን ከመሬት በታች የሚጓዝ ሰው ከላይ ያለው መንገድ ምን ያደርግለታል ብሎ አሰበ። ተሳፋሪው የሚፈልገው የት እንደሚወርድና የት መስመር እንደሚቀይር ማወቅ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ርቀት ተወው፣ መስመሮቹን ቀጥ ቀጥ አደረጋቸው፣ ከመሬት በላይ ካለው ነገር የቴምዝን ወንዝ ብቻ አስቀረ። መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር። በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው፤ ዛሬም የብዙ ከተሞች የባቡር ካርታ የሚሳለው በዚሁ ዘዴ ነው።

በእርስዎ ወረቀት ላይም እንዲሁ ያድርጉ። ከማን ምን ይመጣል፣ ለማን ምን ይሄዳል፣ መቼ? ሌላውን ይሰርዙት። ያኔ አርብና ሐሙስ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ።

4. ወደ ታች ይመለሱ። ሐሳቡ የሚቀጥለው ሰኞ የሚሠራ ነገር ካልወጣው ወሬ ነው። አንድ ለውጥ ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያ በፊት ግን ሪፖርቱን የሚጠቀመውን ሰው ጠይቀው ግምትዎን ያረጋግጡ። አለቃዎ ዘንድ ሲገቡ ስለ አሠራር ፍልስፍና አያውሩ። "ሪፖርቱን ረቡዕ ላድርሰው?" ካሉ መልሱ በአንድ ደቂቃ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ግን ረጋ ባለ ቀን ነው። ማሽን ቆሞ ወይም ሒሳብ ጎድሎ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ "ለመሆኑ የዚህ ሥራ ዓላማ ምንድን ነው?" የሚል ሰው ያናድዳል። ያኔ መጀመሪያ ማሽኑን ያስነሱ።