ቁጥሩን ከዘመኑ አትነጥሉት፦ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢል ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1930 በ0.401 የመምታት አማካይ (ከመምታት ሙከራዎቹ ምን ያህሉ እንደተሳኩ በሚያሳየው ቁጥር) ከአሜሪካ ሁለት ታላላቅ ሊጎች የአንዱ፣ የናሽናል ሊግ፣ ቀዳሚ ሆነ። በ1968 ካርል ያስትርዜምስኪ ሌላኛውን፣ የአሜሪካን ሊግን፣ በ0.301 መራ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም ብሎ ይፈርዳል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቴሪ በነገሠበት ዓመት የሊጉ መቺዎች ሁሉ አማካይ 0.303 ነበር፤ ያስትርዜምስኪ በመራበት ዓመት የእርሱ ሊግ አማካይ 0.230 ብቻ። እስኪ አስሉት፦ ቴሪ ከሊጉ አማካይ በ32 በመቶ ያህል በለጠ፣ ያስትርዜምስኪ በ31 በመቶ ያህል። ያ ሁሉ ልዩነት የት ገባ?

የሜዳና የደንብ ለውጥን መዘንጋትም እንዲሁ ያሳስታል። በ1968 ወርዋሪው የሚቆምበት የአፈር ጉብታ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ኳሱ ከላይ ቁልቁል ሲመጣ መቺው ይቸገራል። በዚያ ዓመት የሴንት ሉዊሱ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን፣ በባልደረቦቹ ስህተት የመጡት ሳይታሰቡ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ የተቆጠረበት 1.12 ነጥብ ብቻ ነው። በማግስቱ ዓመት ጉብታው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ፤ ወርዋሪው ኳሱን ሊያሳልፍበት የሚገባው፣ ስትራይክ የሚባለው ክልልም ጠበበ። ስለዚህ 1.12ን ከዛሬ ወርዋሪ ቁጥር ጋር የሚያስተያይ ሰው ያንን 13 ሴንቲ ሜትር አፈር አብሮ ይመዝን። የጊብሰን ክብር ግን አይነካም፤ በዚያው ጉብታ ላይ የቆሙት ሌሎቹ እርሱ የደረሰበት አልደረሱም።

ድምርን ለብቻው መቁጠርም አይበጅም። ሳይ ያንግ 511 ጨዋታ ያሸነፈው፣ ጨዋታውን የጀመረ ወርዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በሚጨርስበት ዘመን ነው። ቤብ ሩት በ1927 60 ሆም ራን (መቺው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) ሲመታ የዓመቱ ውድድር 154 ጨዋታ ነበር፤ ሮጀር ማሪስ በ1961 61 ሲመታ 162 ሆኗል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ከመዝገቡ ውጭ የተደረጉትን መርሳት ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 እስኪገባ ድረስ ጥቁሮች ለስድስት አሥርት ዓመታት ያህል ከታላላቆቹ ሊጎች ተከልክለው ኖረዋል። ሩት ጥቁሩን ወርዋሪ ሳቸል ፔጅን በሊግ ጨዋታ አንድም ቀን አልገጠመውም። የተከለከሉት ጥቁሮች ይጫወቱባቸው የነበሩት የኔግሮ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር የተዋሐደው በ2024 ሲሆን፣ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 የታይ ኮብን 0.367 አልፎ የዘመናት ቀዳሚ መቺ ሆነ። የእነዚያ ሊጎች የውድድር ዓመት አጭር ስለነበር የእርሱን የሆም ራን ድምር ከሩት ድምር አጠገብ ማስቀመጥ ሁለተኛ በደል ይሆንበታል። ጆሽ ጊብሰን በ35 ዓመቱ የሞተው፣ ሮቢንሰን ሜዳ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው ነው።