የረሃብ ዘመንን ልቦለድ በንባብ ክበብ፦ ሁለት የዩክሬን መጻሕፍት በሐዋሳ

ከስምንት እስከ አሥር አባላት ላሉት ክበብ በየሁለት ሳምንቱ አራት ቅዳሜ ይበቃል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ጀምሩ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይታያል። መጻሕፍቱ ሁለት ብቻ ይሁኑ፦ በ1932–33 (በፈረንጅ) በሶቪየት አገዛዝ ዩክሬንን ስለፈጀው ረሃብ የሚተርከው የቫሲል ባርካ «ቢጫው ልዑል»፣ እና ከረሃቡ በኋላ ስለመጡት የሶቪየት ዓመታት የሚተርከው የማሪያ ማቲዮስ «ጣፋጯ ዳሩሲያ»። ሁሉም አባል እንግሊዝኛ እኩል አያነብምና ለእያንዳንዱ ስብሰባ አራት ገጽ ይመረጥ፤ አንድ ሰው ቀድሞ ተዘጋጅቶ በአማርኛ ይተርከው።

«ቢጫው ልዑል» ከመከፈቱ በፊት የቀን ወረቀት ይሠራ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የፈረንጅ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ የሆነው ነገር። ኦገስት 7 ቀን 1932 የእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ነው፤ ከገበሬዎች የጋራ እርሻ ማሳ ቃርሚያ የለቀመን ሰው ሳይቀር እስከ ሞት የሚያስቀጣው ሕግ የወጣው ያን ዕለት ነው። ጃንዋሪ 22 ቀን 1933፣ ማለትም ጥር 14 ቀን 1925፣ ገበሬው ከዩክሬንና ኩባን ከሚባለው የደቡብ ሩሲያ ግዛት እንዳይወጣ ታዘዘ። ይህ ወረቀት ከሌለ አንባቢው «ታዲያ ለምን አልተሰደዱም?» እያለ ገጸ ባሕርያቱን ይወቅሳል። በእኛ አእምሮ ረሃብና ስደት አይለያዩም፤ የ66ቱም የ77ቱም ረሃብ ሲነሣ መንገድ ዳር የፈሰሰው ሕዝብ ነው ቀድሞ የሚታየን። እዚያ ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

ቀጥሎ ቃሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አይበዛበትም። ዩክሬናውያን ለዚህ ረሃብ የሰጡት «ሆሎዶሞር» የሚለው ስም ረሃብንና መግደልን ያጣመረ ነው። ተራኪው «ድርቅ» ብሎ ከተረጎመው መጽሐፉ እዚያው ይሞታል። «ክፉ ቀን» የሚለው ያማረ ቃላችንም ወጥመድ ነው፦ ክፉ ቀን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያመጣው ሰው የለም። በዩክሬኑ ቃል ውስጥ ግን አድራጊ አለ። አባላቱ የራሳቸውን ቤተሰብ ቃል ይጻፉና ገዳይ ያለበትንና የሌለበትን ለይተው ያስቀምጡ።

ጮክ ብሎ ለማንበብ ስለ ጽዋው የሚተርከውን ክፍል ምረጡ። ገበሬው ሚሮን ካትራኒክ መንደርተኛው የቤተ ክርስቲያኑን ጽዋ የት እንደሸሸገ ያውቃል፤ ለልጆቹ እህል እንደሚሰጠው ቃል ቢገባለትም አይናገርም። ሐዋሳ ላይ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አብሮ ስለሚቀመጥ ጽዋ ለመንደሩ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ጥያቄው «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አይሁን፤ ሰውን ወደ ጀግንነት ወሬ ይወስዳል። እህሉ በማን እጅ ነው? ማን ቆጠረው? ማን በላ? ብላችሁ ጠይቁ። የሟች ቁጥር ግን ከልቦለድ አይወሰድም፤ እሱን ለታሪክ መጽሐፍ ተዉት።

በ«ጣፋጯ ዳሩሲያ» ተቃራኒውን አድርጉ፦ ምንም ቀድማችሁ አትግለጹ። ታሪኩ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ የምናያት መንደሩ እንደ ቂል የሚቆጥራት፣ የማትናገር ሴት ናት፤ ምክንያቱ የሚገለጠው በሦስተኛው ክፍል ነው። ቀድሞ የጨረሰ አባል አፉን ካልያዘ የመጽሐፉ ጉልበት ያልቃል፤ አንባቢውም ከመንደሩ ጋር አብሮ መፍረዱ መቅረት የለበትምና። የሚያደናግረው ታሪኩ የሚፈጸምበት ግዛት፣ ቡኮቪና፣ በጥቂት ዓመታት ከሮማኒያ ወደ ሶቪየት፣ ተመልሶ ወደ ሮማኒያ፣ እንደገና ወደ ሶቪየት መዛወሩ ነው፤ ይህን ብቻ በሰሌዳ ጻፉት።

ውይይት የሚበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «የእኛ ይብሳል» የሚል ፉክክር ነው፤ እንደተጀመረ ወደ ገጹ መልሱት። ሁለተኛው 77ን ያየ ሰው ተቀምጦ ሳለ «እስቲ አንቺ ንገሪን» ማለት ነው። ማንም አይጠየቅ፤ በር አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ ይሁን፣ የሚወጣም ሰው ለምን እንደወጣ አይጠየቅ።

አራተኛው ስብሰባ በኖቬምበር አራተኛ ቅዳሜ ይዋል። ዩክሬናውያን ያን ቀን የረሃቡን ሙታን ለማሰብ በመስኮታቸው ሻማ ያበራሉ። ብዙ ጊዜ የሚውለው ኅዳር ሲታጠን ባለፈ በሳምንቱ ውስጥ ነው፤ እኛ የ1911ን የኅዳር በሽታ በጭስ እናስባለን፣ አብዛኛው ሰው ግን ጭሱን እንጂ በሽታውን አያውቅም። የመጨረሻው ውይይት ከዚህ ይነሣ፦ ልማዱ እየኖረ ምክንያቱ ሲረሳ ልቦለድ ምን ይመልሳል? ቡናውና ፈንዲሻው ንባቡ ካበቃ በኋላ ይቅረብ እንጂ መሐል አይግባ፤ ስለ ረሃብ እየተነበበ ፈንዲሻ ሲቆረጠም ክፍሉ ይከብዳል።